ገጽ በሚዛን

እኔ ሥዕል አላውቅም፤ እንጨት ነው ቋንቋዬ፣
ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ሂርማታ ገበያ፣ ይኸው ነው ሙያዬ።
ነጂባ አባ ጊሳ አንድ ቀን መጣችና፣
ከፈረንጅ አራዳ፣ ዝናቡ ከሻሿ ሳይራገፍ ገና፣
«ክንድ ከስንዝር በክንድ ከስንዝር፣ ዋንዛ ይሁን፤
አጥብቀህ ግጠመው፤ አያውቅም ገና የሚሸከመውን።»
«ምን ልትስዪበት?» ስላት፣ «ራሴን» አለች በአጭሩ።
በሆዴ ሣቅሁ። መልኳን አይቼዋለሁ፤ አይከብድም ነገሩ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሰማያዊ ቀባች፤
«የአባቴ ሱቅ በር ነው፣ ሳይሸጥ በፊት» አለች።
በሁለተኛው ቢጫ፤ ስስ፣ እንደ ሻይ፣
ሰማያዊው አልሞተም፤ አረንጓዴ ሆኖ ያጮልቃል ከታች ወደ ላይ።
ከዚያ ቀይ፦ የጅሬንን አፈር በሻሽ ነፍታ፣
ከእኔው ሱቅ በወሰደችው ሙጫ ለውሳ፣ በመዳፏ መትታ።
ሲደርቅ (ጅማ ላይ መድረቅ ሦስት ሳምንት ነው፣ ሰማይ ከፈቀደ)
በምላጭ ትፍቀዋለች፤ ግማሹ ይሄዳል፣ ግማሹ ይቀራል እንደወደደ።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።
«ግድግዳ» አለች። «የሰፈራችን ግድግዳ፣
በየበዓሉ፣ በየመንግሥቱ ሲቀባ የኖረ፣ እንግዳ በእንግዳ፤
ምስማር ስትመታበት ፍርፍር ይልና
ከአረንጓዴው ሥር ሮዝ፣ ከሮዙ ሥር ኖራ፤ ማንም አልሄደም ገና።»

በየመስከረሙ ታመጣዋለች፤ ሽብልቁን አጠብቃለሁ፤
ከዚያ ተሸክሜ ማር ሻጩ ረሻድ ሚዛን ላይ አወጣዋለሁ።
መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ሁለት ኪሎ ተኩል።
በስድስተኛው ዓመት አምስት ኪሎ ሞላት፤ ረሻድ «ወፍራለች» ሲል
እሷም ሣቀች።

በሰባተኛው ዓመት ባሏ ሄደ።
ያን መስከረም የጨመረችው መቶ ግራም ብቻ፤
ጥቁር። እንደ ጥላ የሳሳ።
ረሻድ ሚዛኑን መታ መታ አደረገው፣
ድንጋዩን ለወጠ፣
«ተበላሽቷል መሰለኝ» አለ።
እኔ ግን ተሸክሜዋለሁ፤ ወገቤ ያውቃል።

ሰው ሊያይ ይመጣል። አንድ መምህር፣ መነጽሩን ጠርጎ፣
«ዓይኑ የት አለ?» አላት፣ አንገቱን ወደ ግራ ሰበር አድርጎ።
«ሦስተኛው ላይ ነበር፤ አራተኛው አለበሰው» አለችው።
ለመታወቂያ ፎቶ ግን «ጆሮሽን ግለጪ» ሲሏት፣ ዝም ብላ ገለጠችው።

ዘንድሮ ነሐሴ፣ አዌቱ ሞልቶ መንገድ ሲዘጋ፣
የቤቷ ቆርቆሮ ቀዳዳ ነበረው፤ ሥዕሉ ላይ ሲንጠባጠብ ነጋ።
በላስቲክ ጠቅልላ አመጣችው። ቀኝ ጥጉ አብጦ፣
አሥሩ ልብስ ባንድነት ተላቆ፣ ሰማያዊው ፈጦ።
«ሙጫ አለኝ» አልኳት። «ቆይ» አለች፤
ጎንበስ ብላ ቆየች።
ሰማያዊው ውስጥ አንድ ፀጉር፣ ቀለም ይዞት የደረቀ፣
የራሷ፤ ጥቁር፣ ረጅም፤ ያኔ ስትቀባ የወደቀ።
ሻሿን ወደ ኋላ ገፋች።
ግንባሯ ላይ ያለውን ሽበት አየሁት፤
እንዳየሁ አየች።
«ይኸው» አለች፣ «መምህሩ መልክ ሲፈልግ።»
ጣሪያውን አስደፈነች እንጂ ሥዕሉን አላስጠገነችም።

ሚዛን ላይ ወጣች፦ አርባ ግራም ጎድላ።
የረገፈውን በጫማ ቀለም ጣሳ ትታልኝ ሄደች፣ «ላንተ ይሁን» ብላ።

ማታ፣ መጋዙ ሲያርፍ፣ አንዱን ቅርፊት ወደ አምፖሉ አቀርባለሁ፤
በጎኑ ሲታይ የተቆረጠ ግንድ ነው፤ ዓመት መቁጠር አውቃለሁ።
ቢጫ፣ ቀይ፣ ያ የሳሳው ጥቁር...
አሥር መሆን ነበረበት።
አሥራ አንድ ነው።
ከጥቁሩ በላይ፣ ከፀጉር የቀጠነ ነጭ፤
ሚዛን ያልነገረን።
መቼ እንደቀባችው አልጠየቅኋትም።
መስከረም ሊጠባ ነው። ሽብልቅ እየጠረብሁ ነው።