ሃያ ሦስት ኪሎ

የእህቴ የፅላት ሠርግ ቻንግሻ ነው፤ ደብተሩ ግን እኔ ጋ፣
ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ።
መቶ ስልሳ ስም ጻፍኩ።
አርባውን ሰረዝኩ።
ቀጥዬ ስልሳውን።
ከዚያ የቲኬት ዋጋ ጠየቅኩና
እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

ሙሽራው ዌይ ይባላል። ዱከም፣ ጫማ ፋብሪካ፣ ማሽን ሲጠግን
እሷ ስታስተረጉምለት ነው የተያዩት።
የመጀመሪያ ቃላቸው «ይሄ ብሎን ላልቷል» ነበር አሉ፤
ከዚያ ወዲህ ማን እንዳጠበቀው አልነገሩንም።

እናቱ አዳራሽ ይዘዋል። ክብ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን አሥር ወንበር፤
ለእኛ ወገን ሁለት ጠረጴዛ።
«እንዳያንሳችሁ» ብለው ሰግተዋል።
ደብተሬን አየሁና መልሱን ዋጥኩት።

ቪዛው ብዙ ይጠይቃል። ፅላት በስልክ ትዘረዝራለች፦
«የባንክ ሒሳብ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የግብዣ ወረቀት» ትላለች።
አጎቴ ይመር ከወንበሩ ተነሳ፣ ተቆጥቶ፤
«ሠርግ የሚጠራኝ ጠሪ ነው፣ ደጄን አንኳኩቶ፣
‹እነ እገሌ ጠርተውሃል› ብሎ፣ ጠላዬን ቀምሶ፣ አመስግኖ፣ ወጥቶ።
ባንክ ምን አገባው?»

የእድራችን ዳኛ አቶ ቶሎሳ ደግሞ ከተፍ አሉ በማለዳ፤
«ድንኳኑ አለ፣ ድስቱ አለ፣ አግዳሚው አለ፤ የት ነው ሜዳ?»
«ሜዳው ቻይና ነው» አልኳቸው።
በከዘራቸው መሬቱን ወጋ ወጋ አደረጉት።
ብሎካችን የቆመበት ድሮ እሳቸው ጤፍ የዘሩበት ነው፤
ሜዳ ሲርቅ ያውቁታል፤ አልተከራከሩኝም።
«ታዲያ እኛስ የምንበላው መቼ ነው?» አሉ በመጨረሻ፣
«በየወሩ የከፈልንበት ድንኳን አይደርስም እንዴ ቻንግሻ?»

ፓስፖርት ቢሮ እናቴ አራት ጣቷን መስታወቱ ላይ አኖረች።
«እንደገና» አለች ልጅቷ።
በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አኖረች።
«እንደገና።»
እፍ ብላበት፣ ጉልበቷ ላይ አሽታ አኖረች።
«እንደገና፣ እማማ።»
ሠላሳ አንድ ዓመት አቃቂ፣ ጥጥ ፋብሪካ፣
ክር በጣቷ ሲያልፍ፣ ክር በጣቷ ሲያልፍ
አሻራዋን ይዞት ሄዷል ለካ።
«እጄን የት ጣልኩት?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።
በስንቱ አልጋ፣ በስንቱ አንሶላ ተዘርግቶ ይሆን ያ አሻራ፣
የማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ በስሟ ሳይጠራ!

በሦስተኛው ቀን የግራ እጇ ትንሿ ጣት ተነበበች፣
ክር ያልነካት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ዳር ቆማ ያየች።
በአንዲት ሥራ ፈት ጣት እናቴ ተሳፋሪ ሆነች።

ሒሳቡ ሲጠቃለል ሦስት ሰው፦ እናቴ፣ ይመር፣ እኔ።
የቀረው ሰው ዕቃ ላከ።
በርበሬ መጣ፣ ሽሮ መጣ፣ ቆሎ በስልቻ፣
ከሦስተኛ ፎቅ ደግሞ ስሟን የማላውቃት ሴት
የሕፃን ሹራብ ሰጠችኝ፣ «ለኋላ» ብላ ብቻ።

ጋሽ ሸምሱ ወፍጮውን አቁመው ሻንጣውን በእህል ሚዛን ጫኑት።
ሃያ ሁለት ተኩል።
«ግማሽ ኪሎ ይቀርሃል» አሉኝ፣ ከሻንጣው ላይ ዱቄት እያራገፉ።
ያኔ ነው አቶ ቶሎሳ ከኮታቸው ውስጥ
በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ያወጡት።
የድንኳኑ ካስማ። ብረት። ጫፉ ላይ ጭቃ የደረቀበት።
ሚዛኑ ወደ ሃያ ሦስት ሄደ፣ አለፈ፣ ተንቀጠቀጠ፤
እናቴ አዲሱን ጫማዋን አወጣች፤
ተመለሰ።

ሆቴሉ እስከ በሩ ምንጣፍ ነው አሉ፤ ካስማ የሚተከልበት የለም።
ይቀመጣል እንግዲህ፤ ወንበር እንደሁ ሞልቷል።

«የእድር ንብረት ነው» አሉኝ አቶ ቶሎሳ፣ መዝገቡን ዘርግተው፣
«ክረምት እየመጣ ነው፤ ለቅሶ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤
ሳትጥለው መልሰው፤ ፈርም።»
ፈረምኩ፦
ካስማ፣ ብዛት አንድ።
ምክንያት፣ ሠርግ።
ቦታ በሚለው ላይ እጄ ትንሽ ዘገየ።