የረባሾች ስም ዝርዝር

ድንቁ አለቃ ነበር፣ የዘጠነኛ «መ» ክፍል፣
አስተማሪ ሲቀር የሚንጎራደድ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ እንደ ሻምበል።
በእጁ ብጣሽ ወረቀት፣ በዓይኑ ዛቻ፤
ዝም ያለ አይጻፍም፣ ያወራ ብቻ።
ላንሾካሾከ አንድ ኤክስ፣ ለሳቀ ሁለት፤
እኔን ፈለቀችን ግን፣ ገና ሳልቀመጥ ይጽፈኝ ነበር፣ ከጠዋት።

አንድ ቀን ስምንት ደረሰብኝ፣
ስምንት ጎማ መዳፌን ለበለበኝ።
«በእናትህ ሰርዘኝ» ብዬው ነበር፣ «ያንተን የቤት ሥራ ልሥራ፣»
«ሕግ ነው» አለኝ ድንቁ፣ አገጩ ላይ አንድ ጢም ሳይዘራ።

ያኔ በአቃቂ ባቡር ሲያልፍ፣ መስኮቱ ሁሉ ሲያረግድ፣
የፊዚክሱ መምህር ጠመኔ ይዘው ቆመው፣ ፉርጎ ሲቆጥሩ አንድ ባንድ፣
እኛ በጩኸቱ ተከልለን የሆዳችንን ስናወጋ፣
ድንቁ ከንፈር አንብቦ ይጽፋል። ማን ይደበቅ ከዚያ አልጋ
ወራሽ!

አርባ አምስት ዓመት ሆነ።
ባቡሩ ዝጎ ቀረ፤ የባሕር ዛፉ አጥር ተመነጠረ፤
ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደረደረ።
ካርባ ሰባታችን አስራ ዘጠኝ ቀረን።
አንዳንዱን ግንባር፣ አንዳንዱን ስኳር፣ አንዳንዱን ምን እንደወሰደው ሳንሰማ ቀረን።

በወሩ መጀመሪያ እሑድ ኩምሳ ወፍጮ ቤት ነን፣
ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣
ልብሳችን ዱቄት፣ ፀጉራችን የራሱ ዱቄት፤
ዕቁብ አምስት መቶ ብር፣ የቀረው ሐሜት።
ጸሐፊው ድንቁ ነው። ማን መረጠው? ማንም።
ደብተር ይዞ መጣ፤ አይሆንም ያለው የለም።
ከብረታ ብረት ጡረታ ወጥቷል፣ ማሽኑ አንድ ጆሮውን አስቀርቶት፣
ስም ሲጠራ ካልጮኽን፣ ቀሪ ነን በሱ ቤት።

ታዲያ አንድ እሑድ ደብተሩን ሰርቄ ባይ፣
ኤክሱ ያረፈው፣ ዝም ባለው ላይ።
መርጊያ፦ ሁለት ወር ስልክ አላነሣም። ኤክስ፣ ኤክስ።
ከድር፦ ሰው ሲስቅ አልሳቀም። ኤክስ።
አምሳለ፦ «ደህና ነኝ» ብቻ አለች። ሦስት ኤክስ።
ከገጹ ግርጌ ሽታዬ። ባሏን ከቀበረች ወዲህ፣ ስድስት።

በማግሥቱ ከዘራውን አነሣ፤ ተከተልኩት።
ሁለት ታክሲና ባጃጅ፣ ከዚያ አራት ፎቅ በእግር፣
ኮዬ፣ ውኃ የማይወጣበት ብሎክ፣ ቀለሙ የተላጠ በር።
አንኳኳ። ዝም።
አንኳኳ። ዝም።
ጎረቤት ብቅ ብላ «አትድከሙ፣ ለእህቷም አትከፍትም።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ከሌለ ወረቀት ያነብ ጀመር፣ ድምፁን የጎረምሳ አድርጎ፦
«የዘጠነኛ መ ረባሾች! ፈለቀች፣ ስምንት!
ኩምሳ፣ ሁለት! መርጊያ፣ አንድ፣ እሱም በስሕተት!
ሽታዬ፣ አምስት!»

ከውስጥ አንድ ነገር ወደቀ፣ ወንበር ይሁን ድስት እንጃ።
«ውሸታም!» አለ የሚያቃጥል ድምፅ፣ እስከ ታች ሰማው ደረጃ፣
«ሦስት ነበረ! ሁለቱን ያወራችው ፈለቀች ናት!
እኔ ተመታሁላት!»

እውነቷን ነው። እኔ ነበርኩ።
አርባ አምስት ዓመት ዝም አልኩ፣ እኔ፣ ዝም የማልለው።
በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ዓይኗ፣ ከዚያ አፏ፣
ወጣች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ እኔን ልትሰድብ በይፋ።

ስንመለስ «ድንቁ» አልኩት፣ «ያኔ ሰርዘኝ ያልኩህን...»
«ምን አልሽ?» አለኝ። በማይሰማው ጆሮው በኩል ነበርኩ።
አልደገምኩትም።

ወር ሲደርስ ዕጣው ለኔ ወጣ፤ ለሷ ለቀቅሁላት፣
«የሁለት ጎማ ካሣ ነው» አልኳት።
ቆጠረችው። ደግማ ቆጠረችው፣ ጣቷን በምራቅ ነክታ።
«ወለዱስ?» አለች፣ ጆንያው ላይ ተመቻችታ።