ነገ በዚህ ሰዓት

የአዳማ ነፋስ በር አያንኳኳም፣
ግባ እስኪሉት ድረስ ደጅ አይጠናም።
በጥር አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣
የጓዳዬን መስኮት በጡጫ ሲመታ፣
የግራው መዝጊያ ከወገቡ ተፈታ።

ወንድሜ አጥናፉ እጁ ፈጣን ሰው ነው፤
ችኮላውን ሁሉ ሙያ ነው የሚለው።
ኮላውን አፍስሶ፣ በመዳፉ ጫን አርጎ፣
ሻይ ጠጥቶ እስኪመጣ በሽቦ ጠፍንጎ፣
«ደርቋል» ብሎ ሰቀለው፤ እኔም መረቅኩት፤
ሌሊት ስምንት ሰዓት ከግቢ ለቀምኩት።

ጋሽ ሁንዴን ጠራሁ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፤
ሳይቸኩል መጣ፤ ሳይቸኩል ገባ።
ስብራቱን ዳበሰ፤ አሸተተው፤
የአጥናፉን ኮላ እንደ ቅርፊት ፋቀው።
«አሮጌው ካልለቀቀ አዲሱ አይዝም»፣
ይህችን ብቻ አለ፤ ሌላ አልጨመረም።
ኮላውን በስንጥር ስስ አድርጎ ለቅልቆ፣
አፍ ላፍ አጋጥሞ፣ በሞርሳ አጥብቆ፣
የተረፈውን ከአፉ በጨርቅ ጠረገለት፣
እንደ በላ ሕፃን፤ ጥላ ፈለገለት።

«ፀሐይ ላይ ብናወጣው አይፈጥንም?» ብለው፣
«ላዩማ ይፈጥናል፤ ውስጡን ማን ሊያየው?

ነገ በዚህ ሰዓት።» ሰዓት ግን የለውም፤
እርሳስ ከጆሮው መዝዞ፣ ጥላና ፀሐይ
የሚዋሰኑበትን አሰመረ፣ ሲሚንቶው ላይ።
«ጥላው እዚህ ሲመለስ ፍቺው፤ ቀድሞ አይሆንም።»

ማታ አጥናፉ መጣ።
«ደርቋል እኮ፣ እዪ» ብሎ በጣቱ ጫን አለው፤
ዝም አልኩ። ዞር ሲል ክፍቱን መስኮት አየው።
«በክፍት ቤት አይታደርም» ብሎ ወንበር ሳበ፣
ጋቢዬን ደርቦ ጥግ ላይ ተሰበሰበ።
የአባታችን ቤት ከተሸጠ ወዲህ
አንድ ጣራ ሥር አድረን አናውቅም እንዲህ።

አቧራው ገብቶ ትራሴ ላይ ተኛ፤
የጅቡቲ ከባድ መኪና ዓይኑን ወደ እኛ
አበራና አለፈ። ከኮረብታው ዞሮ፣
ያው መስኮት ሰባሪ፣ ለመብራት ተቀጥሮ፣
ተርባይን ይገፋል።
ስለ ሽያጩ ገንዘብ አንድ ነገር ጀመረ፤
አቆመ። ሳል ይሁን እንቅልፍ አላውቅም፤ ቀረ።
አልጎተጎትኩትም።

ረፋድ ላይ ሲሚንቶው ዳር ተቀመጥን፣
ጥላ እንደ ባቡር ቁጭ ብለን ጠበቅን።
ከእርሳሱ መስመር አንድ ጣት ሲቀረው፣
አጥናፉ እጁን ወደ ሞርሳው ሰደደው፤
እኔ አፌን ሳልከፍት
መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው።
«ገና ነው» አለ። «ገና ነው።»