ሁለት ጣት

ደብረ ብርሃን ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣
ካርቶን አንጥፎ ዘርጋው ከፊያቴ ሥር ይሰምጣል።
የሚታየኝ እግሩ ነው፣ በግራሶ የጠቆረ፤
ድምፁ ከብረት መሐል ወጥቶ ጋራዡን ዞረ፦
«ቴስቲናው አልቋል፣ እትዬ። ጎሚኒው ተፈርፍሯል።
የላዩ ብራቾ ደህና ነው፤ የታችኛው ተጣምሟል።
አሞርቲዛቶሩ ዘይቱን ለጣርማበር ገብሯል።»
ሠላሳ ዓመት አዋላጅ ነበርኩ፤ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፣
ስንቱን አባት በረንዳ ላይ በዚሁ ድምፅ አናግሬያለሁ።

ጎረቤቴ ዘነበወርቅ «ሽጪና ባጃጅ ግዢ» ይለኛል፤
ባጃጅ ዳገት ላይ ሲያለቅስ የሰማሁት ይበቃኛል።
ይህች ፊያት ሌሊት ስቀሰቅሳት አንድም ቀን እምቢ አላለች፤
ሰባት ልጅ በኋላ ወንበሯ ላይ ተወልዷል፤
እሷም አዋላጅ ናት፣ ጡረታ ያልወጣች።

ከመናኸሪያው ጀርባ ነው የሙሉሸዋ ሱቅ፣
ሞላ በሞላ ላይ ሞልቶ ጣሪያውን ሊያስጨንቅ።
ከመሳቢያ፣ ከመደርደሪያ፣ ከአልጋዋም ሥር አወጣች፤
ጠረጴዛዋን በክንዷ ጠርጋ ሦስት ዕጣ ዘረጋች።
«ይሄ የቻይና፣ ከነላስቲኩ፤ ያበራል እንደ ሠርግ ማንኪያ፣
ዋስትናው ከደጃፌ እስከ… እስከ መናኸሪያ።
ይሄ የቱርክ፤ ዋጋው እጥፍ። ጎሚኒው ላይ ጥፍርሽን ሞክሪው።
ይሄኛው ኦርጂናል ነው፣ ጣሊያን በእጁ የሠራው፣
ከሌላ ፊያት የተፈታ። ስንት እንደሄደ የሚያውቀው
ባለቤቱ ነበር፤ እሱም አሁን አይናገርም፣ ነፍሱን ይማረው።»

ስልኬ ጮኸ፤ የእህቴ ልጅ ኪሩቤል፣ ከአዳማ፤
«አክስቴ፣ አጭር ሞላ ግዢ፤ ዝቅ ብላ መሬት ትሳማ!»
«ልጄ፣ እጅ መንሳት ለሰው ነው» አልኩት። «ለጣርማበር ድንጋይ
እጅ የነሳ መኪና ዘይቱን ጥሎ ነው የሚለይ።»

ቴስቲና፦ አንድ የድሮ ሾፌር እንዳለኝ ከሆነ፣
በጣሊያን አፍ ‹ትንሽ ራስ› ነው፤
እውነት ይሁን አይሁን፣ ልቤ ያኔውኑ አመነ።
ታዲያ ዓይኔን ጨፍኜ አንድ በአንድ በመዳፌ ያዝኳቸው፤
ራስ መሆናቸውን አስቤ ቀስ አድርጌ አዞርኳቸው።
ኦርጂናሉ ልፍስፍስ ነው፣ ገና ሳልነካው ዞረ፤
የቻይናው ቋ! አለና እመሐል ላይ ቀረ።
የቱርኩ ታገለኝ፤ ቆየት ብሎ እሺ አለ፤
«በርቺ፣ ደርሷል» የምለው ራስ እንዲህ ሲመጣ ነው፣ እየታገለ።
ከፈልኩ። ሙሉሸዋ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፣
ከዚያ፣ ሳልጠይቃት፣ መቶ ብር መለሰች።

ከሰዓት ዘርጋው አሮጌዎቹን ሞላዎች ነቅሎ
ሲሚንቶው ላይ አቆማቸው፣ ጎን ለጎን አስተካክሎ።
ግራው ከቀኙ አጥሯል፣ ሁለት ጣት ሙሉ።
«ምን ሲጭኑ ኖሩ በዚህ በኩል? ይንገሩኝ በሉ።»
«ራሴን» አልኩት።
ጥላዬ ከሞተ አሥራ አንድ ክረምት፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ሲና ስወርድ፣ በጉሙ፣ በዋሻው ጽልመት፣
ከጎኔ የቆሎ ፌስታል እንጂ ሰው ተቀምጦ አያውቅም።
«እንግዲያው ግራውን ብቻ ቀይርልኝ፤ ቀኙ ምንም አልተሸከመም።»
ዘርጋው እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጨርቁ ከእጁ ይብስ ነበር።
«ሞላ በጥንድ ነው፣ እትዬ። ያልተሸከመም ያረጃል» አለኝ፣
ወደ ሥራው ሲዞር።

አመሻሽ ላይ እስከ ጣርማበር አፋፍ ነዳኋት።
ድሮ ወደ ግራ ትጎትተኝ ነበር፤ ዛሬ ቀጥ አለች፣
ጉድጓዱን ውጣ ዝም የምትል ጨዋ ሆናለች።
እጄ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልማዱን አልተወም፤
መሪውን ወደ ቀኝ ይስባል፣ ወደ ባዶው ወንበር፣ አሁንም።
ኮንቨርጀንሳው ሰኞ ነው ብሎኛል ዘርጋው፤
የእጄን ግን አልጠየቅኩትም።