«ፒች» ማለት ኮክ ነው

ሂንድያ ስልኳን ከፍታ አንድ ሥዕል አሳየችኝ፤
«ዲኮሩ በሙሉ ፒች ይሁንልኝ» አለችኝ።
«ፒች ማለት ኮክ ነው፤ ከሐረማያ የሚመጣው» ብላት
«ኮክ አይደለም፤ ፒች ነው!» ብላ ገላመጠችኝ።

እኔ የማውቀው ኮክ ጠጉራም ነው፤
ገና አረንጓዴ ሳለ ልጅ ሁሉ የሚጨርሰው፣
ጥርስ አጥርሶ የሚተው።
ሥዕሉ ግን ሌላ ነው፤
በነጭ ወተት ላይ
ጠብ ያለች አንዲት ጠብታ ሻይ።

በደብተሬ ጻፍኩት፦
ሃያ ስድስት ጠረጴዛ፤ በየጠረጴዛው መሐል
ዘጠኝ ጽጌረዳ፣ አንድ የመስታወት ዋንጫ፣ ጥቂት ቅጠል።
ቀይ የለም።
ወይን ጠጅ የለም።
ቢጫ? «ቢጫማ በፍጹም!»
ተፈራረምን። ቀብዱን ተቀበልኩ፤
ግማሹን በዚያው ዕለት ለበረዶ ከፈልኩ።

አበባው ከዝዋይ ነው፤ ሌሊቱን በአይሱዙ
በካርቶን፣ በበረዶ ታቅፎ ነው ጉዞው።
አዋሽ ላይ ፍተሻ፣ ሚኤሶ ላይ ጎማ፤
ሾፌሩ ጉተማ
ስልኩን ሲያነሣልኝ «ደርሻለሁ» ይለኛል፤
«ደርሻለሁ» በእሱ ቋንቋ «ገና ይቀረኛል»።

ጎህ ሲቀድ ያልኩት መኪና አራት ሰዓት ላይ ቆመ፤
የግንቦት ፀሐይ ቀድሞት ድሬን ሸክፎ ከረመ።
ካርቶኑን ስከፍተው
በረዶው ውሃ ነው፤
ውሃው ለብ ብሏል፤
ጽጌረዳው ጫፍ ጫፉ ተለብልቦ አንገቱን ደፍቷል።
ረዳቴ አብዱሹኩር አንዱን አንሥቶ አየና
«አሁን ገና ፒች ሆነ!» አለና
ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቆጠርኩ። ከሁለት መቶ ሠላሳ አራቱ
ሰባ አንድ ነው ደኅና የሚባለው በስንት መከራ።
ለአንድ ዋንጫ ሁለት፤ የቀረው ዐሥራ ዘጠኝ ለሙሽራ።
ሁለት ጽጌረዳ ደግሞ በሰፊ ጠረጴዛ ላይ
እንግዳ የቀረበት ግብዣ ነው የሚመስለው ለሚያይ።

ወጣሁ ወደ ከዚራ።
ዛፎቹ ቀልተዋል።
አዲስ አበባ ያለ ሰው «የድሬዳዋ ዛፍ» ይለዋል፤
እኛ ግን ስሙን አንጠራም፤ ጥላ ነው፣ ባጃጅ ማቆሚያ፤
ግንቦት ሲገባ ብቻ አናቱ ላይ እሳት ለኩሶ
አስፋልቱን ያለብሳል፣
ጠራጊው ይሰድበዋል።

አውቀዋለሁ፤ አይቆይም።
ከቅርንጫፉ ከተለየ ሁለት ሰዓት ነው ዕድሜው፤
ግንዱ አጭር፣ አንገቱ ልል፣ ሽቦ እንኳ አይሸከመው።
ደግሞ ቀይ ነው።
ውሉ ላይ «የለም» ያልነው።

አንድ የወደቀ አነሣሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።
አምስት ቅጠል አለው አበባው።
አራቱ ቀይ ናቸው፣ ያለ ይሉኝታ ቀይ።
አምስተኛዋ ግን፣ ቀና ብላ ለብቻዋ የቆመችው፣
ነጭ ናት፤ ከሥሯ ቀይ ነጠብጣብ የተነቀሰች፤
በወተት ላይ
ጠብ ያለች ጠብታ ሻይ።

ስንት ዓመት በዚህ ዛፍ ሥር አልፌያለሁ!

አብዱሹኩር፣ የባጃጁ ከይረዲን፣ ሁለት የሊስትሮ ልጆች፣
ዐሥር ሰዓት ሲሆን ከዛፉ ሥር ሰፈርን፤
አምስተኛዋን እየነቀልን፣ አራቱን እየጣልን።
ልጆቹ ገንዘቡን በአበባ ሳይሆን በሰዓት ይሁን አሉ።
ልክ ናቸው። ተስማማሁ።

ለገሃር አጠገብ ባለው አዳራሽ ውስጥ
ሃያ ስድስት ዋንጫ፣ በውሃ የተሞላ፤
ከላዩ ነጫጭ ቅጠል እንደ ጀልባ ሲንሳፈፍ፤
ጽጌረዳዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ከዋንጫው ጫፍ።

ሂንድያ ገባች። ቆመች። ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከረች፤
«ይኼ ነው ፒች ማለት! አላልኩሽም?» አለች።
«ከየት አስመጣሽው? ከውጭ ነው?»
«አዎ» አልኳት፣ «ከውጭ ነው።»
መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ዞር ብላ አላየችም።

ሦስት ሰዓት ላይ ቅጠሉ መጠውለግ ጀመረ፤
ሰው ሁሉ እየጨፈረ ነበረ።
እናትየዋ ቀሪውን ሊቆጥሩልኝ ጠሩኝና
ጣቶቼን አዩና
«አንቺም ሂና ተቀባሽ እንዴ?» አሉ።
እጄን አየሁት፤ ቀልቷል፣ እስከ ጥፍሬ ሥር።
ውሉ ላይ «ቀይ የለም» ይል ነበር።