የያዮ አምስት

ድልድይ አትፈልጉ አልዩ አምባ መጥታችሁ፤
ግራው ቀኙ ገደል፣ ይዞራል ራሳችሁ።
ከላይ አንኮበር ነው፣ ጉም የለበሰ አገር፣
ከታች የአፋር ሜዳ፣ ሲቃጠል የሚያድር፤
መሐል ላይ አንድ አምባ፣ አምባው ላይ ገበያ፣
ገበያው ላይ ኩታ፣ የጣት መከለያ።
እሷ ነበረች ድልድያችን።

አያቴ ኑርዬ ደላላ ነበረ፣
በአርጎብኛ አልቅሶ በአምስት አፍ የኖረ፤
ለቱፋ "አካም" ብሎ፣ ለያዮ "ማሂሴ"፣
ለመንዜዋ ባልቴት የባና ውዳሴ፣
ለአው ጠልሐ ደግሞ በሐረሪ ቀልድ፣
ሳቁ ከዋጋው ፊት ቀድሞ እንዲወርድ።

ዋጋ ሲመጣ ግን ቋንቋ ሁሉ ያልቃል፤
ኩታ ይጣልና እጅ ይደበቃል።
አንድ ጣት ሲያዝ አንድ፣ መዳፍ ሲያዝ አምስት፣
ቆንጠጥ ቢደረግ ግማሽ፣ ማንም እንዳይስት።
አይሰማ ጎረቤት፣ አያይ ባለጋራ፤
ፊት ድንጋይ ይመስላል፣ እጅ ብቻ ሲያወራ።

አንድ አርብ ነው አሉ።
ያዮ አዲስ ነበር፣ አሞሌ የጫነ፤
ከባሻ ደምሰው ጋር ነገሩ ተከወነ።
እጅ ከኩታ ወጣ፣ "ይባርክ" ተባለ፤
ባሻ አራት ብር ሰጥቶ ከረጢት ጠቀለለ።
"አምስት!" አለ ያዮ። "አራት!" አለ ባሻ።
አንዱ ጊሌ ነካ፣ ሌላው ዱላ ሲሻ፤
ደገኛው ወደ ላይ፣ ቆለኛው ወደ ታች፣
ገበያዋ እንደ እንጨት ለሁለት ተሰነጠቀች።

ያኔ ነው አያቴ
ደላላ የማያደርገውን ያደረገ፤
ኩታውን ገለጠ፣ በጠራራ ፀሐይ።
የያዮ ቀኝ እጅ አራት ጣት ብቻ ነው።
ትንሿን በልጅነቱ ግመል በልቷታል።
ያለውን ሁሉ ሰጠ እንጂ ያዮ አላጭበረበረም፤
የዳሰሰውን ከፈለ እንጂ ባሻም አልዋሸም።

ዝም።
አህያ እንኳ አላናፋ።
እመት ወለላ ናት፣ ከባናዋ ክምር
ቀና ብላ አይታ፣ እንዲህ ስትናገር፦
"ሙሉ እጁን ከሰጠ፣ ሙሉ ነው ሒሳቡ።
ወይ ግመሉ ሆድ ውስጥ ግቡና አስቡ!"

ገበያው በአምስት ቋንቋ ሳቀ፤
አያቴም ሥራ ፈትቶ አብሮ ሳቀ።
ባሻ አምስተኛውን ከመቀነቱ ፈታ፤
እያጉረመረመ ከፈለ፣
እስከ ዕለተ ሞቱም እንዳጉረመረመ ነው።

ከዚያ አርብ ጀምሮ
አራት ጣት ከያዮ አምስት ተብሎ ኖረ፤
የሌለችውን ጣት ሰው መዳሰስ ተማረ።

ያዮ አረፈ። ባሻም። ኩታውን ብል በላው፤
ገበያውን ደግሞ መንገድ ነው የወሰደው።
ጨው በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ ይገዛል፤
አይሱዙው ጡሩንባ ነፍቶ፣ ሳይቆም ያልፋል።
አርብ አርብ የቀረነው እንሰበሰባለን፤
ቃሪያ፣ ጫት፣ ሰልባጅ፣
አንድ ሚዛን፣ እሱም የሚያጣላ።

እኔ የኑርዬ ልጅ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን ተምሬ
ሒሳብ አስተምራለሁ እዚሁ፣ በአገሬ።
ትናንት ዘሀራን "ሁለትና ሦስት?" አልኳት።
ትንሿን ጣቷን አጥፋ አራቱን ዘረጋች፤
"አምስት!" ብላ ጮኸች።
"ጣትሽ አራት ነው እኮ።"
"የያዮ ነው፣ ቲቸር።"
ከኋላ ወንበር ኦብሳ ራሱን ነቀነቀ፣
ልክ ናት እንደማለት።
ያዮ ማን እንደሆነ አንዳቸውም አያውቁም፤
የእጅ ስም ይመስላቸዋል፣
ወይም የቁጥር።

ቀይ እስክሪብቶዬ አየር ላይ ቆየ።
ከመስኮቱ ማዶ ከአንኮበር ጉም ይወርዳል፣
ከበረሃው ደግሞ ሙቀት ሽቅብ ይወጣል፤
የሚገናኙት እኛ ደጅ ነው።
ደብተሯን ሳብኩና አራት ጣት ሣልኩላት፤
ለአምስተኛዋ ግን ቦታ ተውኩላት።