የቡት ጫማው ጭቃ

ዱፈል ከተማ ዳር፣ ከኔተ ወንዝ ማዶ፣
ሲነጋ ጣራው ላይ ጤዛ ቁልቁል ወርዶ፣
መስታወት ቤታችን ያላበው ይመስላል።
ባሌ ሎደ ተነስቶ ሰላጣ ይቆጥራል፤
ዐሥረኛው፣ ዐሥራ አንደኛው፣ ዐሥራ ሁለተኛው መደብ፣
ራስ ከራስ ተሰልፎ፣ አንዱ ባንዱ ሳይደርብ።

ሰኔ ሲጋመስ ነው፤ አንድ ማክሰኞ ዕለት
አንዱ ራስ ከጓዶቹ አጠረ በሁለት ጣት።
የታችኛው ቅጠል ባንድ ጎኑ ገርጥቶ፣
ቀትር ሲሆን ወድቆ፣ ሲመሽ ደግሞ በርትቶ።
«ውሃ ጠምቶት ነዋ!» አልኩት ቆሜ ከበሩ።
ሎደ አልመለሰም፤ ቢላው ገባ ከሥሩ፤
ለሁለት ከፈለው፣ ዘረጋው መዳፉ ላይ፤
መሃሉ ደም መሰለ፤ ቡኒ ያለበት ቀይ።
ላዩ ለገበያ፣ ውስጡን ለቄስ ኖሯል።

ሐሙስ ዕለት ከላቦራቶሪው ወረቀት መጣልን።
ፈንገስ ነው ይለናል፤ ስሙ ፉዛሪየም፤
መንገድ ይዘጋል እንጂ ቅጠል አይበላም።
ውሃ እግሩ ሥር ሞልቶ በጥም ይገድላል።
«መድኃኒቱስ?» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ ሎደ፤
አማካሪዋ ቲልደ ብዕሯን ከደነች፣ ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ።
«ስንት ዓመት ይቆያል፣ አፈሩ ውስጥ?» አልኳት።
«ከባንክ ዕዳችሁ ይረዝማል።» ቀልድ ነበር፤ ማንም አልሳቀላት።

ሐምሌን ሙሉ አፈር ቀቀልን።
እውነቴን ነው። ማሽን ተከራየን፣ መሬቱን ፕላስቲክ አለበስን፣
እንፋሎት ስንነፋበት እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።
ሂሳብ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ለጋዝ የወጣውን አልናገርም።
አማቼ ኦክታፍ፣ ሰማንያ ስድስቱን የያዘ፣
ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ እጁ እንደ ፈዘዘ፣
ዕድሜውን በጣቱ፣ በምላሱም ጭምር የሚያውቀው አፈር
ሲጨስ አይቶ ዋለ፤ «ልጄ፣ አንድ ትል እንኳ ለዘር አይቀር?»

መስከረም ላይ ተከልን። ጥቅምት ላይ ደግሞ አጠረ።

ከየት መጣ? ይህን ማንም ጮክ ብሎ አልጠየቀ።
መጋቢት ላይ ጎረቤታችን ዋርድ ከመሰላል ወደቀ፤
እግሩ በጀሶ፣ ሰላጣው ደርሶ፣ ሚስቱም ብቻዋን፤
ሎደ ሦስት ቀን አጨደለት፣ አልተቀበለም ምሳውን።
የዋርድ መደብ ያኔውኑ ታሞ ኖሯል፤ እሱም አላወቀ።
ባራተኛው ቀን ሎደ በዚያው ቡት ቤቱ ገባ፤
ከሶሉ ስንጥቅ ውስጥ፣ ጥፍር የማታህል ጭቃ።
ያቺው ነበረች ደመወዙ።

አሁን በራችን ላይ መድኃኒት የሞላው ገንዳ አለ፤
ፖስተኛም ይሁን ቄስ፣ ጫማውን ሳይነክር ማን ዘለቀ?
ጨረታው አዳራሽ ስሄድ ሰላምታው ከሩቁ፤
ፊቴን አያዩኝም፤ ጫማዬን ነው የሚጠይቁ።
ዋርድ ከቦዩ ማዶ፣ ምርኩዙን ተደግፎ፣ ስለ ኳስ ይጮሃል፤
ሎደም ከወዲህ ሆኖ ስለ ዳኛው ይጮሃል።
ድምፃቸው ይሻገራል፤ ጭቃቸው አይሻገርም።
ይቅርታ አልተባለም፤ ይቅርታ አልተጠየቀም።

ዘንድሮ ሰላጣው አሸንዳ ላይ ነው፣ ውሃ ላይ ተንሳፎ፣
ሥሩ እንደ ሽበት ነጭ፣ ቁልቁል ተዘርግፎ።
አፈር የነካ እጅ የለም። ቁጥሩ ግን ይገጥማል።
ኦክታፍ አንዱን ነቅሎ አሸተተው፤ ደግሞ አሸተተው፤
«ምንም አይልም» አለና ቦታው መለሰው።

ያረጀው ቡት ግን ጋራዡ ውስጥ፣ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣
ሚስማር ላይ ይታያል፣ ከነጭቃው ተንጠልጥሎ።
«ለምን አትጥለውም?» ስለው ሌላ ወሬ ያነሳል።
እሑድ ዕለት፣ ሰሐን እያደረቅን፣ እንዲሁ አልኩት፦
«ዋርድ ነገ ቢወድቅስ?»
ፎጣውን አጠፈ። አንድ ሹካ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ።
«ባዶ እግሬን እሄዳለኋ።»